አስቸኳይ! ዓሣዎቹ ውሃው ላይ ወጥተው አየር እየጎረሱ ነው (ደሴ)

የሆጤዋ (ጠዋት 1፡10)
ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ቤት ባለን የመስታወት ገንዳ ውስጥ ዓሣዎቹ ሁሉም ከላይ ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ሁለቱን ሞተው አገኘኋቸው፤ ልጄ ሳይነሳ አወጣኋቸው። ውሃው ነጣ ብሎ ደፍርሷል። ትላንት ማታ ሙሉ በሙሉ የቀየርኩት ስለሆነ ቆሻሻ ነው ልል አልችልም። የሸጠልኝ ሰው ስልክ አያነሳም። የታመመ ዓሣ ሳይሸጥልኝ አልቀረም። መድኃኒት አለው? ሥራ መግቢያዬ ደርሷል።

ሸዋበር ጎዳና (1፡14)
ጾመ ነቢያት ገብቷል። ዓሣ ይበላል፣ አይበላም የሚለው ክርክር ሳይነሳ ድስቱን ጣጂ።

የጢጣው (1፡17)
ገንዳው ስንት ሊትር ይይዛል? ስንት ዓሣ ነው? ምን ምን ዓይነት? መቼ ተጀመረ? ማሞቂያ አለው? ይህን ሳይናገሩ መድኃኒት መጠየቅ ለሐኪም «አመመኝ» ብሎ ስልኩን እንደ መዝጋት ነው።

ንጹህ ቤት (1፡20)
ምንም የሚያመራምር ነገር የለውም፤ ችግሩ ውሃው ነው። በሙሉ ድፊው። ጠጠሩን አውጥተሽ በፈሳሽ ሳሙና እጠቢ፣ መስታወቱን በበረኪና አጽጂ፣ እንደገና ሙዪው።

ቦርከና ማዶ (1፡26)
እህቴ አብሽሪ፤ ሳሙናና በረኪና ግን አጠገቡ እንዳይደርሱ። ከመውጣትሽ በፊት ይህን አድርጊ። ዛሬ ምግብ አትስጪያቸው፤ ለጥቂት ቀን ባይበሉ ምንም አይሆኑም። የፊልተሩን መውጫ ከፍ አድርጊው፤ ውሃው ከላይ እየወረደ ገጹን ያናውጥ። የአየር ፓምፕ ካለሽ ክፈቺው። ከሌለሽ በጆግ እየቀዳሽ ከፍ አድርገሽ መልሺ፤ ለአሁኑ ትንፋሽ ይሰጣቸዋል። ከዚያ ሩቡን ውሃ ብቻ ቀድተሽ በቆየ ውሃ ተኪው። የቆየ ስል አፉ ክፍት በሆነ በርሜል ወይም ባልዲ ቢያንስ አንድ ቀን ያደረ ማለቴ ነው፤ በተከደነ ጀሪካን ያለው አይሆንም። ቀዝቃዛውን እንዳለ አትጨምሪ። ከማንቆርቆሪያው ሙቅ ውሃ ቀላቅይና እጅሽ ከገንዳው ውሃ መለየት ሲያቅተው ጨምሪ። ውሃ ስትቀጂ ማሞቂያውን ንቀዪው፤ ከውሃ ውጭ ሆኖ ከጋለ ይሰነጠቃል። መድኃኒት አያስፈልግሽም።

የሆጤዋ (1፡43)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከበርሜሉ ወስጄ እንዳልከኝ አድርጌአለሁ። ለጠየቁኝ፦ ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ቁመቱ 35 ሳንቲ ሜትር። ዓሣዎቹ አራት ወርቃማ፣ ስድስት ጋፒ፣ አምስት ኒዮን፣ አንድ ደግሞ መስታወት የሚልስ ጥቁር። ቅዳሜ ገዛን፣ ዕለቱን ሞልተን አስገባናቸው። ፊልተርም ማሞቂያም አለው። የሞቱት ኒዮኖቹ ናቸው። ትላንት የቀየርኩት ውሃ ሲመጣ ከቧንቧው በቀጥታ ነው። በምሳ ሰዓት መጥቼ አያለሁ።

ተራ አስከባሪ (2፡05)
ይቅርታ አድርጊልኝና የጥያቄሽ መነሻ ልክ አይደለም። ዓሣዎቹ ታመው አልመጡም። 16 ዓሣ ባዶ መስታወት ውስጥ በአንድ ቀን ተከቶ ሻጩ ምን ያድርግ? በዚያ ላይ ወርቃማ ዓሣ የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ነው፤ ኒዮን የአማዞን ልጅ ነው። አንዱ 20 ዲግሪ ይበቃኛል ሲል ሌላው 25 ካላደረሳችሁልኝ ይላል። ወትሮስ በቀን ጋቢ በሚለበስበት ከተማ የሞቃት አገር ዓሣ ማርባት ምን የሚሉት ነው? ደሴ ለወርቃማ ዓሣ ነው የተፈጠረችው።

የጢጣው (2፡12)
በመጀመሪያው እስማማለሁ፣ በመጨረሻው አልስማማም። ማሞቂያ የተፈለሰፈው ለዚህ ነው። የሸጠው ሰው ግን «ዛሬ ሙዪ፣ ዛሬ ጨምሪ» ብሎ ከሆነ የእሱም እጅ አለበት። ስሌቱ ይኸው፦ 60 በ30 በ35 ሲባዛ 63 ሊትር። ጠጠሩና ከአፉ የሚጎድለው ሲቀነስ 55 ቢሆን ነው። ለአራት ወርቃማ ዓሣ ብቻ እንኳ ጠባብ ነው፤ ሲያድጉ ከእጅ መዳፍ ይበልጣሉ፣ የሚጥሉት ቆሻሻም ከጋፒ ብዙ እጥፍ ነው። ለመሆኑ ምን ላይ ነው ያስቀመጥሽው? ውሃው፣ ጠጠሩና መስታወቱ ተደምረው ወደ 80 ኪሎ ይጠጋሉ። ብፌ ላይ ከሆነ እግሩን እዪው።

መምህር ነኝ (3፡30)
እንደምን አደራችሁ። የተማሪዎች ፈተና ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ዓሣ ከሚያስወግደውና ከሚበሰብሰው ምግብ አሞኒያ ይወጣል። አሞኒያ የሚተነፍሱበትን ስንጥባቸውን ያቃጥለዋል፤ አየር የሚጎርሱትም ስንጥቡ ሥራውን መሥራት ሲያቅተው ነው። በቆየ ገንዳ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ደማቸው ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል፤ ይህኛው ካልተጠራቀመ ብዙ አይጎዳም፣ በየሳምንቱ ከውሃው ሩብ ያህል ሲቀየር አብሮ ይወጣል። ባክቴሪያዎቹ ከሱቅ ከመስታወቱ ጋር አብረው አይመጡም። ተራብተው ለገንዳው እስኪበቁ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳሉ፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከዚያም ይዘገያሉ። የሚኖሩትም በፊልተሩ ስፖንጅ፣ በጠጠሩና በመስታወቱ ላይ ተለጥፈው ነው። በሳሙና ይታጠብ ያሉት ወንድማችን ያልበቀለውን ዘር ይነቀል እያሉ ነው።

ነጩ ድፍርስ ራሱ ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ነው፤ የተረፈ ምግብ አግኝቶ በአንድ ጊዜ ሲራባ እንደዚያ ያስመስለዋል። ምግብ ሲቀነስ በራሱ ይጠራል። ውሃውን በየቀኑ በሙሉ መድፋት ግን ነገሩን ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል።

አሁን ማንም ወዳላነሳው ልምጣ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ባሕር ጠለል ላይ 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በሊትር 8 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ እዚህ ያው ውሃ የሚይዘው ወደ 6 ሚሊግራም ነው። በውጭ አገር መመሪያ ላይ «ለዚህ ገንዳ ይህን ያህል ዓሣ» ተብሎ የተጻፈው ለእኛ ይበዛብናል፣ የውሃውን ገጽ ማናወጥም ለእኛ ቅንጦት አይደለም። በነገራችን ላይ ውሃ እዚህ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ገደማ የሚፈላውም በዚሁ ግፊት ምክንያት ነው፤ ባቄላ የሚቀቅል ሰው ሳይማር ያውቀዋል…

ሸዋበር ጎዳና (3፡34)
መምህር፣ ዓሣዎቹ ባቄላው እስኪበስል አይጠብቁም።

ጋሽ ፎቶ (4፡02)
ልጄ፣ ስለ ክሎሪኑ ልንገርሽ። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው አንዳንዴ ጠረኑ አፍንጫ ይመታል። እሱን በቀጥታ መጨመር ለዓሣም ለእነዚያ ባክቴሪያዎችም ጠንቅ ነው። ድሮ ፒያሳ ፎቶ ቤት ስሠራ ፊልሙ ከታጠበ በኋላ ምስሉን የምናጸናበት ሃይፖ የምንለው ነጭ ክሪስታል ነበር፤ ሶዲየም ቲዮሰልፌት ነው። ክሎሪንን ወዲያው ያጠፋል። ለዓሣ ገንዳ ተብለው የሚሸጡት ጠብታዎች ብዙዎቹ ከእሱ ነው የሚሠሩት። ለአንድ ባልዲ ሁለት ሦስት ፍሬ ይበቃል። ንጹሑን ማለቴ ነው፤ አሲድ የተቀላቀለበትን የፎቶ ማጽኛ እንዳትነኪ። ካላገኘሽ በርሜሉን ክፍት አድርገሽ ማሳደር ነው።

ሸዋበር ጎዳና (4፡06)
ጋሼ፣ ዛሬ ፎቶ ቤት ገብቼ ሃይፖ ስጡኝ ብል የሚሰጡኝ የዋይፋይ የይለፍ ቃል ነው።

ጋሽ ፎቶ (4፡20)
ኬሚካል ከሚሸጥበት ጠይቅ እንጂ እነሱማ ጨለማ ክፍል ምን እንደሆነ አያውቁም።

ንጹህ ቤት (5፡11)
አሁንም እላለሁ፣ ንጹህ ውሃ የገደለው ዓሣ የለም። ሙሉ በሙሉ ቀይሪው።

የሆጤዋ (6፡50)
ቤት ነኝ። አሁን ግማሾቹ ወርደዋል፤ ጋፒዎቹ ይሯሯጣሉ። አንድ ኒዮን ግን ጠጠሩ ላይ ተጋድሟል። የልጄን የገላ ውሃ መለኪያ ከተትኩት፣ 19 ይላል። ማሞቂያው 26 ላይ ነው የተሞላው፣ መብራቱም በርቷል። ላዩ ላይ 50 ዋት ተጽፎበታል። ምግቡን ልጄ ጠዋትም ማታም ይሰጣቸዋል፣ ዳቦም ይፈረፍርላቸዋል። ፊልተሩ ድምፁ ልጁን ስለሚቀሰቅሰው ሌሊት እናጠፋዋለን፤ ይህ ግን ለውጥ ያመጣል ብዬ አላስብም።

የጢጣው (6፡52)
ያመጣል እንጂ!

ቦርከና ማዶ (6፡55)
ዋናው ነገር ቁጭ ብሎ ነበር ለካ። እህቴ፣ ፊልተር እንደ ቴሌቪዥን ማታ አይጠፋም። ስፖንጁ ውስጥ ሊያድጉ የሚጀምሩት ባክቴሪያዎች ውሃ ሳያቋርጥ ሲያልፍባቸው ነው ኦክስጅን የሚያገኙት። ሌሊቱን ዘግተሽው ስታድሪ እነሱ ይታፈናሉ፤ በዚያው ሌሊት ዓሣዎቹም አየር ያጥራቸዋል። ጠዋት ጠዋት ከላይ ተሰብስበው የምታገኚያቸው ለዚህ ነው። ድምፁ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ፊልተሩ መስታወቱን ሲነካ ወይም አየር ሲስብ ነው። መስታወቱን የሚነካበት ቦታ ላይ ቁራጭ ስፖንጅ አስገቢ፣ ውሃውንም ሙዪው። ካልሆነ ገንዳውን ከመኝታ ክፍሉ አውጪ። ዳቦውን አቁሚ። ምግብ በቀን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ ጠርገው የሚጨርሱትን ብቻ።

መምህር ነኝ (7፡10)
ማሞቂያውም አይበቃም። በሊትር 1 ዋት የሚባለው ቤቱ ራሱ ሞቅ ላለ ሰው ነው። ህዳር ላይ የደሴ ክፍል ሌሊት ከ15 ዲግሪ ሊወርድ ይችላልና ለ55 ሊትር 100 ዋት ያስፈልግሻል። 26 ላይ ሞልተሽዋል ማለት 26 ደርሷል ማለት አይደለም፤ የሚታመነው ቴርሞሜትሩ ነው። ስታሞቂ ቀስ በቀስ ይሁን። በነገራችን ላይ አሞኒያ ውሃው ሲሞቅ መርዝነቱ ይጨምራል፤ ስለዚህ ይህ ሳምንት እስኪያልፍ 23 ወይም 24 ይበቃል።

ተራ አስከባሪ (7፡18)
ይኸው ወደ እኔ ተመለሳችሁ። 24 ዲግሪ ለወርቃማዎቹ አይመችም። ግቢዬ ውስጥ ትልቅ የሲሚንቶ ገንዳ አለኝ፤ የእኔዎቹ የደሴን ብርድ ያለ ማሞቂያ ይከርማሉ። አራቱን አምጪልኝ፤ ፒያሳ እንገናኝ። ሻጩን መውቀሱን ግን ተዪው።

የሆጤዋ (7፡25)
እሺ፣ ልጄን ላግባባ። ልጠይቅ፤ ባክቴሪያው 6 ሳምንት ከፈለገ እስከዚያ ምን ላድርግ?

ቦርከና ማዶ (7፡40)
ከኮምቦልቻ ስፖንጅ ልላክልሽ። የእኔ ገንዳ የቆየ ነው፤ ፊልተሬ ሁለት ስፖንጅ ስላለው አንዱን ልቁረጥልሽ። በገንዳው ውሃ እንደራሰ በላስቲክ አድርጌ፣ ውስጡ አየር አስቀርቼ ለሚኒባስ ሹፌር እሰጣለሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ በአንድ ሰዓት ይደርሳል። መናኸሪያ ሆነሽ ጠብቂ፤ እንዳይደርቅና ፀሐይ ላይ እንዳይቀመጥ። ቤት ስትደርሺ ሳታጥቢ በፊልተርሽ ውስጥ ካንቺው ስፖንጅ ጎን አስገቢው። ቡናማና አስቀያሚ ነው፤ አትጸየፊው።

ሸዋበር ጎዳና (7፡44)
ረዳቱ «ይህ ምንድን ነው?» ሲል «ባክቴሪያ ነው» እንዳትሉት፤ ሐረጎ ላይ ያወርደዋል።

አዲስ ገቢ (8፡05)
ስፖንጅ ከመላክ የወንዝ ጠጠር ብትጨምርስ? ባክቴሪያ ሞልቶታል። ቦርከና ወርዶ አንድ ባልዲ መዝረፍ ነው።

ቦርከና ማዶ (8፡12)
ስሜን አይተህ እንዳትሳሳት፤ እኔ ራሴ ከቦርከና አልወስድም። ወንዙ የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ ይቀበላል። ጠጠር ከሌላ ቦታ ብትወስድ እንኳ መጀመሪያ ቀቅለው፣ ከዚያ አቼቶ ጠብ አድርግበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበትና ማዕድን እየለቀቀ ውሃውን ያከብደዋል። ለጋፒ ያን ያህል አይከፋም፣ ለኒዮን ግን አይሆንም። የተቀቀለ ጠጠር ደግሞ ባክቴሪያ የለውም፣ ስለዚህ ላሰብከው ነገር አይረዳህም።

የጢጣው (8፡20)
ኒዮኖቹ ከተረፉ በኋላ ለሌላ ሰው ብትሰጪያቸው ይሻላል። አዲስ ገንዳ አይችሉም። ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚያሠራ ውሃ ከሆነ ደግሞ ጋፒዎቹ ይወዱታል፤ በእነሱ ጀምሪ። በጋፒ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ፤ ወንድና ሴት ካሉ በየወሩ ገደማ ይወልዳሉ። በመስቀል ስድስት የነበሩት በገና ስንት እንደሚሆኑ አትጠይቂኝ።

ጋሽ ፎቶ (9፡00)
ለናይትራይቱ ጨው ይረዳል። በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይቱ በስንጥብ እንዳይገባ ይሻማዋል። ለ55 ሊትር ሦስት የሾርባ ማንኪያ፣ በሊትር 1 ግራም ገደማ ይሆናል። በአንድ ጊዜ ሳይሆን በባልዲ ውሃ አሟሙተሽ በሁለት ቀን ከፋፍይው።

አዲስ ገቢ (9፡04)
የእኛ ጨው አዮዲን አለበት እኮ፣ አይገድላቸውም?

መምህር ነኝ (9፡15)
በዚህ መጠን የአዮዲኑ ነገር አያሳስብም። ከክሎሪን ጋር እንዳታምታታ፤ ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ሌላ፣ ቧንቧ ውስጥ የሚገባው ክሎሪን ሌላ ነው። ጨው እንደማይተን ግን አስታውሱ፤ ሲተን የሚቀንሰው ውሃው ብቻ ነው፣ ስለዚህ የጎደለውን በጨው አልባ ውሃ ሙሉት።

የሆጤዋ (በማግስቱ፣ ማታ 2፡30)
ስፖንጁ ደርሷል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሹፌሩም አልጠየቀም። ወርቃማዎቹን ወስደውልኛል። 100 ዋት ማሞቂያ አላገኘሁም፤ ሁለተኛ 50 ጨመርኩ፣ 22 ደርሶ ነበር። አሁን ግን መብራት ጠፋ። ምን ላድርግ? ገንዳውን ልሸፍነው?

ቦርከና ማዶ (2፡36)
ጎንና ጎኑን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ጠቅልዪው፤ አፉን ግን አትዝጊው፣ አየር ይግባ። ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተሽ ክዳኑን አጥብቀሽ ላዩ ላይ አንሳፍፊው፤ ሲበርድ ቀይሪው። የፈላ ውሃ አትሙዪበት፣ ጠርሙሱ ይጨማደዳል። በየግማሽ ሰዓቱ በጆግ ቀድተሽ መልሺ። ምግብ አትስጪ። ማሞቂያዎቹንና ፊልተሩን ንቀያቸው፤ መብራት ሲመጣ ኃይሉ ከተስተካከለ በኋላ ትሰኪያቸዋለሽ።

የጢጣው (2፡41)
ፊልተሩ ብዙ ሰዓት ቆሞ ከቆየ ከመክፈትሽ በፊት ስፖንጁን አውጥተሽ ከገንዳው በቀዳሽው ውሃ ጭመቂው፤ በቧንቧ ውሃ አይደለም። ውስጡ የቆመው ውሃ ይሸታል፣ እንዳለ ወደ ዓሣዎቹ እንዳይረጭ።

ንጹህ ቤት (2፡50)
ነገ ጠዋት መብራት ሲመጣ ግን ሙሉ በሙሉ ቀይሪው።

ሸዋበር ጎዳና (2፡51)
ይህን ሰው ራሱን ነው መቀየር።

ተራ አስከባሪ (በሦስተኛው ቀን)
ወርቃማዎቹ ደህና ናቸው። ከላስቲኩ ጋር ገንዳው ላይ አንሳፍፌ፣ የገንዳውን ውሃ ጥቂት በጥቂት እየጨመርኩ ነው የለቀቅኳቸው፤ በአንዴ ብለቃቸው የሙቀቱ ልዩነት ይጎዳቸው ነበር። ከአራቱ አንዱ ክንፉ ጫፍ ላይ ተበልቷል፣ ይድናል። የአንቺዎቹስ? ፊልተሩ ሌሊት ይሠራል?

ሐረጎ 7 (በአምስተኛው ቀን)
ጥያቄ ልጨምር። እኔ ያለሁት ኮምቦልቻ ነው፣ ከደሴ ዝቅ ስለሚል ሞቅ ይላል። ጋፒ ብቻ ነው የማስበው። ማሞቂያ መግዛት ግድ ነው?

ቦርከና ማዶ
በሚያዝያና በግንቦት ሳትጠቀምበት ታልፋለህ። አሁን በህዳርና በታኅሣሥ ግን ሌሊቱ ይጫናል፤ ግዛው። ዓሣውን ሳትገዛ ግን መጀመሪያ ገንዳውን ሙላና ፊልተሩን አስነሳ፤ ስፖንጅ ከፈለግህ ለአንተ በእግር መጥተህ ትወስዳለህ።